ተወዳዳሪ ፍለጋ

«አልገባም ብዬሃለሁ፣ አልገባም። እንዳልገባ ልትለምነኝ ይህን ሁሉ ፀሐይ ተሸክመህ መምጣትም አልነበረብህም» አለ ፍቃዱ፣ ከሚሰፋው ፍራሽ ላይ ቀና ሳይል።

ሣህሉ በሩ ላይ ቆሞ የአንገቱን ላብ በመሐረብ ጠረገ። ከካምቦ ሱዳን ሰፈር አሰብ ሰጊር ሰፈር ድረስ በእግሩ ነው የመጣው፤ በሐምሌ፣ በስድስት ሰዓት፣ ውሾች እንኳ ከካሚዮን ሥር በማይወጡበት ሰዓት።

«እንዳትገባ መቼ ለመንኩህ?»

«ታዲያ ምን ልትል መጣህ? ጨረታው እንደገና መውጣቱን ሰማህ፤ ፍቃዱ የሸራ መርፌ ገዛ ሲሉህም ሰማህ። መርፌው የሶፋ ነው። እኔ ያንተን ሥራ የምሻማ ሰው አይደለሁም። ሂድና ተኛ።»

«እንድትገባ ነው የመጣሁት።»

«እ?»

«ጨረታው ውስጥ ግባ። ተወዳደረኝ።»

ፍቃዱ መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰክቶ ቀና አለ። የአሰብ ሐምሌ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዓምና አንድ የደመወዝ ጸሐፊ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ጃንጥላውን እንደዘረጋ፣ ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ፋይል ሲያገላብጥ ተገኝቶ በማግስቱ ወደ አገሩ ተሸኝቷል።

«ዛሬ ውሃ ጠጥተሃል?» አለው፣ ድምፁን አለስልሶ።

ጠጥቷል። ጤናውም ደህና ነው። የሣህሉ ችግር ሌላ ነበር።

ሣህሉ ሸራ ሰፊ ነው። የካሚዮን ሸራ፣ የእህል ክምር የሚለብሰው ሸራ፣ የሱቅ ደጃፍ ጥላ፤ ከጨርቅ የከበደ፣ ከቆርቆሮ የቀለለ ነገር ሁሉ የእሱ ነው። በአሰብ ከተማ ከእሱ በቀር ሸራ የሚሰፋ አልቀረም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሱ ከደሴ ወርዶ ሥራ ሲጀምር በዚያች በአንዲቷ መንገድ ላይ ብቻ አምስት ነበሩ። ሙያውን ያስተማረው የመናዊው ሳሌም፣ ለሳምቡክ ጀልባ ሸራ ሲሰፋ ያረጀ ሰውዬ፣ የስድሳ ስድስቱ ለውጥ በመጣ በዓመቱ መርፌ የሚገፋበትን የመዳፍ ቆዳና ሰባት መርፌዎቹን ትቶለት ባሕሩን ተሻገረ። አንዱ የነዳጅ ማጣሪያው ተቀጠረ። አንዱ ጅቡቲ ገባ አሉ። አንዱ ሞተ።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ በሄደ ቁጥር ሣህሉ ፊቱን አጥቁሮ ይሸኝና ሱቁ ሲመለስ «ሥራው ለኔ ተረፈ» እያለ በልቡ ይደሰት ነበር። የመጨረሻው ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። መርፌ ሲሰበርበት የሚበደረው ሰው የለም። ደንበኛ ሲመጣ «የሱን ስፌት አትመኑት» ብሎ የሚያማው ሰውም የለም። ሐሜት ያለ ሰሚ ይሆናል፤ የሚታማ ከሌለ ግን ጨርሶ አይሆንም። ሣህሉም ቀን ቀን ከመርፌው ጋር፣ ሲመሽ ከነፋሱ ጋር ብቻ መነጋገር ለመደ።

ታዲያ በሰኔ ወር አንድ የመንግሥት መጋዘን መሥሪያ ቤት የዓመት ሥራ በጨረታ አወጣ። የካሚዮንና የእህል ሸራዎቹን የሚሰፋና የሚጠግን ሰው ይፈልጋል፤ ለአሥራ ሁለት ወር፣ በውል። ሣህሉ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙን፣ ናሙናውን ይዞ፣ ፖስታውን በማሸጊያ ሰም አሽጎ አስገባ። በመክፈቻው ቀን አምስት የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛው ወዲያ ተደርድረው ተቀመጡ። ከጠረጴዛው ወዲህ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ነበር፤ ሣህሉ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ስሙን ጠራ፣ ፖስታውን ቀደደ፣ ዋጋውን አነበበ። ከዚያ ቀጣዩን ፖስታ ፈለገ። ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ።

«ተሰርዟል» ተባለ።

የግዢ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉመቤት ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ቬንቲላተሯን ወደ ራሷ እንጂ ወደ ወረቀቶቿ የማታዞር ብልህ ሴት። ሣህሉ ቢሮዋ ድረስ ገብቶ ጠየቃት።

«አቶ ሣህሉ፣ ሥራዎን የጠላው የለም» አለችው። «መመሪያው ግን ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ ይላል።»

«በከተማው ውስጥ እኮ ሌላ ሸራ ሰፊ የለም።»

«እሱን መመሪያው አያውቅም።»

«ለመመሪያው ማን ይንገርልኝ?»

«ማንም። በሐምሌ እንደገና እናወጣዋለን። ለሁለተኛ ጊዜ ሦስት ካልሞላ ሸራው በካሚዮን ተጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ ይሰፋል።» ከዚያ፣ ሣህሉ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ጨመረችለት። «ደግሞ ዋጋ ተነጋግራችሁ እንዳትመጡ። ከደረስንባችሁ ሁላችሁም ትታገዳላችሁ።»

ሥራው አዲስ አበባ ከሄደ ሣህሉ በረሃብ አይሞትም። የሱቅ ጥላ እየሰፋ፣ የካሚዮን ቀዳዳ እየደፈነ እንደ ከረመው ይከርማል። ነገሩ የእቴናት ነው።

እቴናት ሚስቱ ናት፤ ደሴ ከገባች ሁለት ዓመት አለፋት። አራት ዓመት አሰብ ስትኖር ሙቀቱን ቻለች፤ የቦቴ ውሃ ወረፋውን ቻለች፤ ሌሊት ደጅ የሽቦ አልጋ ላይ፣ በመንገደኛ ፊት መተኛቱንም ቻለች። ያልቻለችው የባሏን «በሚመጣው ወር» ነው። በሚመጣው ወር መርከብ ይገባል፤ በሚመጣው ወር ሥራው ይበዛል፤ በሚመጣው ወር ቬንቲላተር እንገዛለን። የተሳፈረችበት ካሚዮን ሞተሩን ካስነሳ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብላ «የዓመት ሥራ ስታገኝ ጻፍልኝ» አለችው። «ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት አብረህ ላክ። ካንተ አፍ የሰማሁት ይበቃኛል።» አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነው።

ይህን ለፍቃዱ አልነገረውም። የነገረው ስለ መመሪያው ብቻ ነው።

«እሺ፣ ገባሁ እንበል» አለ ፍቃዱ። «ባሸንፍስ?»

«አታሸንፍም።»

«በምን አወቅህ?»

«ሸራ መስፋት አትችልም።»

«ታዲያ ለምንድነው የምገባው?»

«ለመሸነፍ።»

ፍቃዱ መርፌውን ከፍራሹ ነቀለ። «አርባ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ቤቴ ድረስ መጥቶ የጋበዘኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። መቼ ነው የሚጀመረው?»

ቀረ አንድ ሰው። ሣህሉ በማግስቱ ወደብ ሄደ። ከእህል መጋዘኑ ጥግ፣ በጆንያ ክምር ጥላ ሥር፣ ሰባት ሴቶች ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይጠግናሉ። አለቃቸው ትሩፋት ናት። ቀጭን፣ ጠይም፣ መርፌዋን በከንፈሮቿ መካከል ይዛ ከጎን በኩል የምትናገር ሴት፤ መርፌውን ከአፏ ስታወጣ ያየ ሰው በከተማው የለም ይባላል።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ጆንያ ሆንክ እንዴ? ልትጠገን መጣህ?» አለችው።

ሣህሉ ጉዳዩን አስረዳ። ሴቶቹ እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙት።

«ገብተን ምን እናገኛለን?» አለች ትሩፋት።

ሣህሉ ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ሲያስብበት ነበር። «ትማራላችሁ» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

«ያልተማርነው ምን አለ? የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለን። ከማህበራት ማደራጃው የማህበር ወረቀት አለን። የሌለን ሌላው ነገር ነው።» መርፌው ከንፈሯ ላይ ተንቀሳቀሰ። «ምን ሰዓት እንምጣ?»

እንዲህ ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት፣ አሥር ሰዓት ላይ ሙቀቱ ትንሽ ሰበር ሲል፣ ሦስቱ ወደ ሣህሉ ሱቅ ይመጡ ነበር፤ ፍቃዱ፣ ትሩፋትና ከማህበሯ ደግሞ ላቀች የምትባል ዝምተኛ ሴት። ሱቁ ውስጥ አንድ በርጩማና አንድ ብርጭቆ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ብርጭቆው ለአራት ሰው ዞረ። በሁለተኛው ቀን ሣህሉ ሦስት ብርጭቆ ገዛ፣ ከጎረቤት ሻይ ቤት አግዳሚ ተዋሰ። የሻይ ቤቱ ባለቤት «ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው «ተወዳዳሪዎቼ ናቸው» ብሎ መለሰ፤ አመላለሱ ላይ ኩራት ነበረበት።

እያንዳንዱ ተጫራች አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ናሙና ማቅረብ አለበት፤ ጥጉ የተሰፋ፣ የገመድ ማስገቢያ ቀለበት የገባበት። ስለዚህ ሣህሉ መጀመሪያ ሙያውን ማስተማር ነበረበት።

«ክሩን በሰሙ ላይ ሦስት ጊዜ ጎትቺው። ሰሙን ደግሞ ውሃ ውስጥ አኑሪው፤ እዚህ አገር ሰም ደጅ ከዋለ በማንኪያ ነው የምትሰበስቢው።»

«እኔንስ በምን ትሰበስበኛለህ?» አለ ፍቃዱ፣ ሸሚዙን እያራገበ።

«አንተን በአካፋ።»

ላቀች ሳቀች። ላቀች ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሣህሉ የሚያስቅ ነገር ከተናገረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረና ተወው።

በሦስተኛው ቀን ጥጉን አሳያቸው። የሸራ ነገር ሁሉ ጥጉ ላይ ነው፤ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ፣ የሚቀደደውም እዚያ። «እዚህ ጋ ክሩን አታጥብቁት» አላቸው። «የአንድ ጣት ያህል ልል አድርጋችሁ ተዉት። ሸራ ሲረጥብ ይሰበሰባል፤ ያኔ ክሩን ራሱ ያጠብቀዋል። ደረቁን አጥብቃችሁ ከሰፋችሁት ግን በረጠበ ቀን ራሱን ይቀዳል።» ሳሌም ይህን የነገረው በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ነገራቸው። ለምን እንደቸኮለ ሲያስብ፣ ናሙናቸው እንዲያልፍ ነው ብሎ ለራሱ መለሰ። እንዲቆዩለት ይሆን እንዴ የሚለውን ሐሳብ አልጨረሰውም።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ገቡ። ሣህሉ በአንድ ጨረታ ብቻ ተወዳድሮ በዚያውም የተሰረዘበት ሰው ቢሆንም፣ ሲያስተምር እንደ አሮጌ ነጋዴ ነበር። ፖስታውን ጠዋት አሽጉት፤ ከሰዓት በኋላ ካሸጋችሁት ሰሙ ኪሳችሁ ውስጥ ይቀልጥና ከነሸሚዛችሁ ታስገቡታላችሁ። ዋጋችሁን በአኃዝም በፊደልም ጻፉ። ሥርዝ ድልዝ አይኑርበት። ፈቃዳችሁ የታደሰ ይሁን። ዋጋው ጋ ሲደርሱ ግን «አትንገሩኝ» ብሎ ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነ፤ የወይዘሮ ሙሉመቤት ማስጠንቀቂያ አልለቀቀውም።

«ዋጋውን አልነግርህም» አለች ትሩፋት፣ እጁን ከጆሮው እስኪያወርድ ጠብቃ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አንድ ሙሉ የካሚዮን ሸራ ላንተ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ለሌላ ሰው ሳምንት። ለኔ ሁለት ቀን» አለ ሣህሉ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ትሩፋት ጣቶቿን ተመለከተች። ሰባት ጋ፣ በሴቶቿ ልክ፣ ስትደርስ አቆመች።

ትሩፋት ማንበብ የጀመረች በቅርብ ነው። የጨረታውን ሰነድ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደች፣ አንዲት ነጥብ ሳትዘል ትወርዳለች። ፍቃዱ «ይቺ ሴት ከመጨረሷ በፊት ጨረታው ለሦስተኛ ጊዜ ይወጣል» እያለ ይቀልድባታል። እሷ ፊቱን ጨረሰችና ገልብጣ ጀርባውን ጀመረች።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ይቺ ተራ ቁጥር አሥራ አንድስ ምን ማለት ናት? ማ... ኅ... በ... ራት...»

ሣህሉ ቀለበት እየቀጠቀጠ ነበር። የመጀመሪያውን ሰነድ በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ሁለተኛውን ገዝቶ ሳያነበው ነው ኪሱ የከተተው። «እሱ ያለሽን ወረቀት ሁሉ አስገቢ ማለት ነው» አለ ቀና ሳይል። «የማህበራችሁንም አስገቢ። ወረቀት በዝቶበት የወደቀ ሰው የለም።»

«አስገቢ ካልከኝ አስገባለሁ» አለች።

በስድስተኛው ቀን ማንም የቀረ ሥራ አልነበረውም። ናሙናዎቹ አልቀዋል፤ ወረቀቱ ተሟልቷል። ሆኖም አሥር ሰዓት ሲሆን ሦስቱም መጡ። ስለዚህም ስለዚያም አወሩ፤ ከበይሉል መንደር ስለሚመጣው ዓሣ፣ ስለ አንድ መርከብ ካፒቴን፣ ስለ ፍቃዱ የመጀመሪያ ደንበኛ፣ ፍራሹ ውስጥ ጫማውን ሰፍቶበት የላከው። ሲሄዱ ሣህሉ ብርጭቆዎቹን አጥቦ ደረደራቸው። ከዚያ ለእቴናት ደብዳቤ ጻፈ። «የዓመት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱ አብሮ ተልኳል» አለ። ቀኑ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ቴምብሩን ለጥፎ፣ መሳቢያ ውስጥ ከሳሌም መርፌዎች ጎን አስቀመጠው። አልላከውም። ይህን ያህል አስተዋይነት ነበረው።

የመክፈቻው ዕለት አግዳሚው ላይ ሰው ነበር። ሣህሉ መሐል ተቀመጠ፤ በቀኙ ፍቃዱ፣ በግራው ትሩፋት፣ ከሷ ቀጥሎ ላቀች። ሰብሳቢው ፖስታዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጥሮ ሲያበቃ ሣህሉ ያሸነፈ ያህል ትከሻው ወረደለት። ዋጋዎቹ ተነበቡ። የፍቃዱን ዋጋ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛው ጊዜ መነጽሩን ጠርጎ ነው። ፍቃዱ ላለማሸነፍ ቆርጦ የመጣ ሰው ስለሆነ፣ ባስቀመጠው ዋጋ ሸራ ማሰፋት ቀርቶ ካሚዮኑን መግዛት ይቻላል። የሣህሉ ተነበበ። የትሩፋት ተነበበ፤ ከሣህሉ በጥቂት ያንስ ነበር። ሣህሉ ቅር አላለውም። ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ሥራ አለ።

ወይዘሮ ሙሉመቤት በጆግ ውሃ አምጥታ በየናሙናው ጥግ ላይ አፈሰሰች። የፍቃዱ ወዲያው ለቀቀና የሰብሳቢውን ጫማ አረሰረሰው። የሣህሉ ያዘ። የትሩፋትም ያዘ። ውሃው ጥጉ ላይ ተኝቶ ከቬንቲላተሩ ነፋስ ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። ሣህሉ ስፌቷን አየው። ክሩ ጥጉ ላይ በትክክል የአንድ ጣት ያህል ልል ነበር፤ አሁን ሸራው ጠጥቶ አጥብቆታል። «ጎሽ» አለ ሳያስበው፣ ሁሉም እስኪዞርበት ድረስ ጮክ ብሎ።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሣህሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። የጆንያ ጠጋኞች ማህበር ይላል።

«ምን ጎደለኝ?» አላት ወይዘሮ ሙሉመቤትን፣ ቢሮዋ ገብቶ።

«ምንም። ናሙናዎ አንደኛ ነበር፤ እነሱ በአንድ ነጥብ ይከተላሉ።» ሰነዱን ከፋይሉ አውጥታ ገለበጠችው። «ግን ግለሰብና ማህበር ከተቀራረቡ ለማህበር ይሰጣል። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ። በሐምሌው ሰነድ የተጨመረ ነው።»

ሣህሉ የራሱን ሰነድ ከኪሱ አወጣ። ላቡ አርሶት ጫፉ ተጣብቋል። ቀስ ብሎ ገለጠውና ጀርባውን አየ። አለ።

«ደግሞ የማህበር ወረቀታቸውን አያይዘው ባያመጡ ኖሮ አይታይላቸውም ነበር» አለች ሙሉመቤት። «ብዙዎቹ ይረሱታል። ማን እንደመከራቸው እንጃ።»

ሣህሉ ማን እንደመከራቸው አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ አሥር ሰዓት ከባድ ሰዓት ሆነበት። ከዚያ በፊት አሥር ሰዓት እንደ ዘጠኝና እንደ አሥራ አንድ ነበር። አሁን የሆነ ነገር የሚመጣ ይመስል ጆሮው ወደ መንገዱ ይዞራል። አግዳሚውን ለሻይ ቤቱ መለሰ። ሦስቱን ብርጭቆዎች አቧራ እንዳይገባባቸው መደርደሪያው ላይ ደፋቸው፤ በማግስቱ አቃናቸው፤ በሦስተኛው ቀን መልሶ ደፋቸው። ፍቃዱ ወደ ፍራሹ ተመልሷል። አንድ ቀን ጋሪ ላይ ጥጥ ጭኖ በደጃፉ ሲያልፍ «ሌላ የምሸነፍበት ነገር ካለ ጥራኝ» ብሎት፣ እጁን አውለብልቦ ሄደ። አልቆመም፤ ጋሪው ቁልቁለት ላይ ነበር።

መሳቢያውን ሲከፍት ደብዳቤው አለ። የማሸጊያ ሙጫው በሙቀቱ ለስልሶ ራሱን በራሱ አሽጓል። ሣህሉ ሊቀደው አነሳውና ቴምብሩን አይቶ መለሰው።

ትሩፋት የመጣችው በነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ላይ። ሣህሉ የእግሯን ኮቴ ለይቶ ማወቁ ራሱን አስገረመው። ከኋላዋ ላቀችና አንድ ጋሪ ገፊ ነበሩ፤ ጋሪው ላይ አንድ ሙሉ የካሚዮን ሸራ እንደሞተ በሬ ተዘርግቷል።

«ያቺ ናሙና አንድ ክንድ ነበረች» አለች ትሩፋት ከመርፌዋ ጎን። «ይኼ ሜዳ ነው። ጥጉን እንችለዋለን። መቁረጡና መሐሉን ማገጣጠሙ አቃተን፤ አንዱን ስናቃና ሌላው ይጣመማል። አንድ ወር ሙሉ አንድ ሸራ ነው ያስረከብነው።»

ሣህሉ ከበርጩማው ተነሳ። ሸራውን ዞረው። ጥጎቹን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረጋቸው፤ ልል ነበሩ፣ እንደነገራቸው። መሐል ላይ ግን ስፌቱ ሰክሮ ነበር።

«መቁረጡን አንተ ያዘው። በቁራጭ እንከፍልሃለን» አለች። «በቆረጥክ ቁጥር።»

«በቁራጭ አልሠራም።»

«ለምን?»

«የዓመት ውል ስጡኝ» አለ ሣህሉ። «በወረቀት። ማኅተም ያለበት።»

«ማኅተሙ ምን ያደርግልሃል? እኛ ካልከፈልንህ ወደቡ ውስጥ ታገኘናለህ።»

ሣህሉ ወደ መሳቢያው አየ። ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገራት፤ ስለ እቴናት፣ ስለ «በሚመጣው ወር»፣ ስለ ካሚዮኑ መስኮት። አጠር አድርጎ፣ ሸራውን እየደባበሰ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚናገር ሰው ነገራት። ላቀች መሬት መሬቱን ታያለች። ጋሪ ገፊው ወደ ጥላው ገባ ብሎ ተቀመጠ። የማጣሪያው ሽታ በነፋስ መጥቶ አለፈ።

ትሩፋት መርፌውን ከአፏ አወጣችው። ሣህሉ ከንፈሯን ሙሉውን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። መርፌውን ነጠላዋ ላይ ሰካችው።

«ማኅተሙ አለን» አለች። «ግን እኛም ማህበር ነን፣ ጋሽ ሣህሉ። ደንብ አለን፤ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን አንብቤዋለሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ከውጭ ሰው ጋር የዓመት ውል የምንገባው በጨረታ ነው።»

«እሺ፣ ጨረታ አውጡ።»

«እናወጣለን» አለች ትሩፋት። «አንተም ሁለት ሰው ፈልገህ ና።»